እምቦጩን በሄክታር ብቻ አትቁጠሩት፤ ፎስፈረሱም ይመዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ጣና እምቦጭ የሚወጡ ዘገባዎች ከዓመት ዓመት መለኪያቸው አልተለወጠም። ይህን ያህል ሄክታር ተወረረ፣ ይህን ያህል ሄክታር ተነቀለ፣ ይህን ያህል ሰው በዘመቻ ወጣ ይባላል። ሄክታር ካርታ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። ሐይቁ ከሥራው ምን እንዳተረፈ ግን አይናገርም። የተነቀለው አረም የት ደረሰ? ውስጡ የነበረው፣ አረሙን የሚመግበው ፎስፈረስስ ከሐይቁ ወጥቶ ቀረ ወይስ ተመልሶ ገባ? ይህ ካልተጠየቀ በበጋ የተነቀለው በክረምት ለምን ተመልሶ እንደሚለመልም ማስረዳት አይቻልም።

በመጀመሪያ ሄክታሩን እንመርምረው። እምቦጩ ገና ሲበተን፣ ቅጠሉም አጭር ሲሆን፣ በአንድ ሄክታር ላይ ያለው እርጥብ ክብደት መቶ ቶን ላይሞላ ይችላል። ሥሩ ተቆላልፎ ቅጠሉ ወገብ ድረስ ሲቆም ደግሞ 300 እና 400 ቶን ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ወረዳዎች እኩል አሥር አሥር ሄክታር ነቀልን ብለው ሪፖርት ሲያደርጉ፣ የአንዱ ሥራ የሌላውን አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ኪሎው። ከእርጥብ እምቦጭ ክብደት 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። አንድ ቶን ቢደርቅ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይቀራል። ከደረቁ ውስጥ ፎስፈረሱ እንደበቀለበት ውሃ ይለያያል፤ 0.3 ወይም 0.4 በመቶ ብንወስድ ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። በዚህ ስሌት አንድ ቶን እርጥብ እምቦጭ የሚይዘው ፎስፈረስ 200 ግራም ቢሆን ነው። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ማዳበሪያ በአንጻሩ 38 ኪሎ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ (በማዳበሪያ ላይ የፎስፈረስ መጠን የሚጻፍበት ውህድ) አለው፤ ወደ ንጹሕ ፎስፈረስ ሲመለስ 16.6 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለ80 ቶን እርጥብ እምቦጭ የሚበቃ ፎስፈረስ በአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ውስጥ አለ ማለት ነው። 80 ቶን እምቦጭ ደግሞ ብዙ የገልባጭ መኪና ምልልስ ይጠይቃል፤ አረሙ ግዙፍ ስለሆነ መኪናው ክብደቱ ሳይደርስ ቦታው ይሞላል።

ለመሆኑ ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ፎስፈረስ የተመረጠው ለምንድን ነው? ማንኛውም ተክል የሚያድገው ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እጅግ ባነሰበት ልክ ነው። በውሃ ውስጥ የሚኖር አልጌ (ውሃን አረንጓዴ የሚያደርግ ደቃቅ ተክል መሰል ፍጥረት) በክብደት ለአንድ እጅ ፎስፈረስ ሰባት እጅ ያህል ናይትሮጅን ይፈልጋል። ናይትሮጅን ሲያጥር ከሰማያዊ አረንጓዴ አልጌዎች ጥቂቶቹ ከአየር መያዝ ይችላሉ። ፎስፈረስን ግን ከአየር የሚያመጣ ፍጥረት የለም። በካናዳ ኦንታሪዮ የሐይቅ ተመራማሪዎቹ እነ ዴቪድ ሺንድለር እ.ኤ.አ. በ1973 ሐይቅ 226 የተባለውን ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው፣ በአንደኛው ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በሌላው ወገን ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጨመሩ። በአልጌ የተሸፈነው ፎስፈረስ የገባበት ወገን ብቻ ነበር። ፎስፈረስ ወደ አየር ተንኖም አይጠፋም። ወደ ሐይቅ ከገባ በኋላ ያለው ዕድል በመውጫው ወንዝ መሄድ፣ በደለል ስር መቀበር ወይም በሰው እጅ መውጣት ነው።

ሁሉም ሐይቅ ግን በዚህ ሕግ አይመራም። እንደ ጭቱና አብጃታ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ሶዳማ ሐይቆች ፎስፌት (በውሃ የሚሟማው የፎስፈረስ መልክ) አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ የተረፈ ነው፤ እዚያ እድገቱን የሚገታው ናይትሮጅን ወይም ብርሃን ሊሆን ይችላል። የጣናን መፍትሔ እንዳለ ወስዶ እዚያ መትከል አይሠራም።

ጣናም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው፤ ስለ እምቦጭ ሲወራ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ አማካዩ 9 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ውሃው ከላይ እስከ ታች ይታመሳል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የሚያመጡት ደለል ውሃውን ያደፈርሰዋል። በዚህ ውሃ ውስጥ የሚኖር አልጌ ምግብ ቢያገኝ እንኳ ብርሃን ያጥረዋል። እምቦጭ ግን ቅጠሉን ከውሃው በላይ ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሥሩን ወደ ታች ለቆ ምግብ ይስባል። ድፍርሱ ውሃ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ሲያፍን እርሱን አይነካውም። ጣና ለዚህ አረም የተመቸው በፎስፈረሱ ብቻ ሳይሆን ደለሉ ሌላውን ስለሚያጨልምበት ጭምር ነው።

ከዚህ የሚከተል ማስጠንቀቂያ አለ። ደለሉ ብቻ ቢቀንስና በውሃው ውስጥ የሟሟው ፎስፈረስ ባለበት ቢቆይ፣ ውሃው ይጠራል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ በእምቦጩ ፈንታ አልጌ ሊነሣ ይችላል። መርዝ ሊያመነጭ የሚችለው ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በጣና ውስጥ ቀድሞውንም ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 የአሜሪካዋ ቶሌዶ ከተማ ነዋሪዎች የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ የተከለከሉት በኢሪ ሐይቅ ላይ በተነሣው በዚሁ አልጌ ሰበብ ነበር። ስለዚህ ደለሉም ፎስፈረሱም አብረው መቀነስ አለባቸው።

ከእምቦጩ ምንጣፍ ስር የሚሆነውንም እንመልከት። ብርሃን ስለማይገባ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን የሚያመርት ነገር አይኖርም። ነፋስም አያገላብጠውም። ከላይ የረገፈው ቅጠልና ሥር እየበሰበሰ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከደጋው የመጣው ቀይ አፈር ፎስፈረሱን አጥብቆ የሚይዘው በብረት ኦክሳይዱ ነው፤ ኦክስጅን ሲያልቅ ያ ብረት መልኩን ይለውጥና ይሟሟል፣ ታስሮ የነበረው ፎስፌትም ይለቀቃል። ልክ ከላዩ ደግሞ የተራበ ሥር ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል። ምንጣፉ በአንድ ቦታ ብዙ ወራት ከቆየ ከደለሉ የራሱን ማዳበሪያ ያወጣል። ለነቀላ ቅድሚያ መስጠት የሚገባውም ለዚህ ነው፦ በየወሽመጡ ጥግ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ለቆየው ወፍራም ምንጣፍ። ለጎብኚና ለካሜራ የሚታየው ክፍል ሁልጊዜ ይኸኛው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን። እምቦጩ በበጋ ይነቀላል፣ ወደ ዳር ይጎተታል፣ ውሃው ሊነካው በማይችልበት መስሎ በሚታይ ቦታ ይከመራል። ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። የጣና ውሃ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ነው፤ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ መሬቱ እንደ ገበታ የተዘረጋ ስለሆነ የውሃው ከፍታ በአንድ ሜትር ሲጨምር ዳርቻው እጅግ ርቆ ወደ ውስጥ ይገባል። በሚያዝያ ደረቅ መሬት ላይ የቆመው ክምር በመስከረም ውሃ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የሐምሌ ዝናብ አጥቦታል። የሞተ ቅጠል ውሃ ሲነካው ፎስፈረሱን በቶሎ ይለቃል፤ ለመበስበስ ወራት ቢፈጅም የሚሟሟው ክፍል በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ሾልኮ ይሄዳል። ዘሩም አለ፤ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዳር ላይ የተከመረ እምቦጭ ለቀጣዩ ዓመት የተቀመጠ ዘርና ማዳበሪያ ነው።

መደረግ ያለበት ይህ ነው። የክምሩ ቦታ የሚመረጠው የጥቅምቱን የውሃ ምልክት አይቶ ነው፤ የግንቦቱን ማየት ያሳስታል። ምልክቱን የአካባቢው ገበሬ ያውቀዋል፣ በዛፍና በድንጋይ ላይም ይታያል። ከዚያ በላይ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ቦይ በሌለበት ቦታ እምቦጩ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይጠወልጋል፤ ይህ ብቻውን የሚጓጓዘውን ክብደት በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያ ተቆራርጦ ከጤፍ ጭድ ወይም ከበቆሎ አገዳና ከከብት እበት ጋር እየተነባበረ ይከመራል። ከስር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ጭድ ይነጠፋል፤ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ የሚጠጣው እርሱ ነው። ዙሪያው ትንሽ ቦይ ይቆፈራል፣ ቦዩ የሰበሰበው ፈሳሽም ተመልሶ ክምሩ ላይ ይደፋል። የክምሩ ቁመት ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ይሁን። ካነሰ አይሞቅም፣ ከበዛ መሃሉ አየር ያጣና ይከረፋል። እርጥበቱን ለማወቅ እፍኝ ወስዶ መጭመቅ ነው፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ ጭድ ይጨመር።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሙቀቱ ላይ ነው። ዘሩ እንዲሞት የክምሩ ውስጥ ከ55 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለተከታታይ ቀናት መቆየት አለበት። መሃሉ ይህን ያህል ሲሞቅ ዳርና ዳሩ ግን አይሞቅም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ የውጭው ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ማገላበጥ ግዴታ ነው። አንዴ ከምሮ የተወ ሰው ያዘጋጀው ብስባሽ በዘር የተሞላ ነው፤ የመስኖ ቦይ አጠገብ ከበተነው አረሙን በገዛ እጁ አዛመተው። የተዘጋጀው ብስባሽም መሄድ ያለበት ወደ ላይኛው ማሳ ነው። ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ከተበተነ ሐይቁ በክረምት መጥቶ ድርሻውን ይወስዳል። ከከተማ ፍሳሽ መግቢያ አቅራቢያ የተነቀለው ለብቻው ይለይ፤ እምቦጭ ከባድ ብረቶችን በሥሩ ስለሚያከማች ሳይመረመር ለጎመን ማሳ አይሰጥም።

ስለ አረም ማጥፊያ ኬሚካልና እምቦጩን ስለሚበላው ጥንዚዛ የሚነሣውን ክርክር በአጭሩ እንለፈው። በመርጨት የሞተ እምቦጭ እዚያው ይሰጥማል፤ ፎስፈረሱ ከሐይቁ አንድ ግራም አልወጣም፣ ኦክስጅኑም ይወድቃል። ጥንዚዛው ከኬሚካል እጅግ ይሻላል፣ ሒሳቡ ግን ተመሳሳይ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በኡጋንዳ በኩል እ.ኤ.አ. በ1995 ጥንዚዛ ከተለቀቀ በኋላ አረሙ በጥቂት ዓመታት በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ምግቡ ግን ሐይቁ ውስጥ ስለቀረ በኬንያው የዊናም ባሕረ ሰላጤ እንደገና ተነሣ።

ነቀላውስ ቢሆን የት ድረስ ይወስደናል? የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአማካይ ጥልቀቱ ስናባዛው 27 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይዟል። በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 10 ማይክሮግራም ፎስፈረስ ብቻ አለ ብለን ብናስብ እንኳ ድምሩ 270 ቶን ነው። ይህን በእምቦጭ ለማውጣት 1.35 ሚሊዮን ቶን እርጥብ አረም መንቀል ያስፈልጋል፤ ወንዞቹ በየዓመቱ የሚጨምሩትና ደለሉ ውስጥ የተቀመጠው ሳይታሰብ። ነቀላ ወደብን፣ የአሣ መራቢያን፣ የታንኳ መንገድን ያድናል፤ ለዚህ ሲባል ይቀጥል። ሐይቁን ከፎስፈረስ የሚያጸዳው እርሱ ነው ማለት ግን ሕዝቡን ማታለል ነው። (በነገራችን ላይ አንድ ቶን አሣ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ፎስፈረስ ይይዛል፣ ከ20 ቶን እምቦጭ ይበልጣል ማለት ነው። አብዛኛው ያለው አጥንቱና ቅርፊቱ ውስጥ ነው፤ ቀረሶውና አምባዛው ዳር ላይ ተበልቶ ትርፉ ወደ ውሃው ሲጣል ግን ጥቅሙ ይቀራል።)

ስለዚህ ዓይናችን ወደ ተፋሰሱ ይዙር። ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው በማዳበሪያ ላይ ነው። ፍርዱ ግማሽ እውነት ነው። የደጋው ቀይ አፈር ፎስፌትን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ማሳ ላይ የተደረገው ኤንፒኤስ እንደ ዩሪያው ናይትሮጅን በቀላሉ ከውሃ ጋር ሰርጎ አይሄድም። የሚሄደው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ነው። አንድ ቶን የማሳ አፈር በተለምዶ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ፎስፈረስ ይይዛል። በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር በሄክታር ይታጠባል የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ግምት ብንወስድ፣ ከአንድ ሄክታር ከ21 እስከ 42 ኪሎ ፎስፈረስ ቦታውን ይለቃል። ገበሬው በአንድ ኩንታል ኤንፒኤስ የጨመረው 16.6 ኪሎ ነው። ከጨመረው በላይ አጣ። የታጠበው ሁሉ ሐይቅ አይደርስም፣ ብዙው ግርጌ ላይ ይቀራል፤ ከደረሰውም ወዲያውኑ ለተክል የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ቀሪው ግን ደለል ሆኖ ከላይ የተጻፈውን የኦክስጅን እጦት ይጠብቃል።

ከዚህ ተነሥቶ ለገበሬው የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። ማዳበሪያው ሳይበተን በመስመር፣ ከዘሩ ጎን አፈር ውስጥ ይግባ፤ ላይ ላዩን የተበተነ ኤንፒኤስ ከመጀመሪያው ጎርፍ ጋር ይሄዳል። እርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር ይተከል፤ ያለ ሣር የተሠራ እርከን አንድ ቦታ ሲሰበር ውሃውን ሰብስቦ ቦረቦር ይከፍታል። ቦረቦሩ ላይ የሚሠራው ክትር ከአናቱ ይጀመር፣ መሃሉ ከዳርና ከዳሩ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ውሃው በጎን ዞሮ ዳርቻውን ይበላዋል። የፎገራ ሩዝ ማሳ ለብቻው መታየት አለበት። ውሃ የቋጠረ ማሳ ኦክስጅን ስለሚያጣ እንደ እምቦጩ ስር ፎስፌት ይለቃል፤ ማዳበሪያ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሃውን ወደ ቦይ መልቀቅ ገንዘቡን ወደ ሐይቅ መልቀቅ ነው። በወንዞቹ አፍ የቀረው ደንገል አይመንጠር። ደለሉ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ በየዓመቱ ለታንኳና ለምንጣፍ የሚታጨደው ደንገልም የያዘውን ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል።

ከተሞችም ከደሙ ነጻ አይደሉም። አንድ ሰው በዓመት ግማሽ ኪሎ ያህል ፎስፈረስ በሽንትና በዓይነ ምድር ያወጣል፤ መቶ ሺህ ሰው 50 ቶን። ይህ ከአፈር ጋር እንደሚመጣው ታስሮ የሚገባ አይደለም፤ አብዛኛው የሟሟና ለሥር የተዘጋጀ ነው። በኪሎ ሲመዘን ከአፈሩ ቢያንስም በጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል። ከጎንደር የሚወርደው መገጭ የሚገባው በሰሜኑ ዳርቻ፣ እምቦጩ መጀመሪያ በበረታበት በኩል መሆኑ ሊጤን ይገባዋል። የሽንት ቤት ጉድጓድ መጣጫ መኪና ጭነቱን የት እንደሚደፋ መቆጣጠር ከአንድ የነቀላ ዘመቻ ወጪ ባነሰ ገንዘብ ይሠራል። የልብስ ሳሙና ዱቄትም ሌላው ምንጭ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 አጋማሽ ጀምሮ በቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ያለውን ፎስፈረስ ገድቧል።

ይህ ሁሉ የሚፈረደው በልኬት ነው፤ ልኬቱ ላይ የሚሠራው ስህተትም ብዙ ነው። የናሙና ጠርሙስ በሳሙና አይታጠብም። በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተዘፍዝፎ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል። ከእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ናሙና ይወሰዳል። አንዱ ሳይጣራ ለጠቅላላ ፎስፈረስ፣ ሁለተኛው እዚያው ወንዙ ዳር በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ተጣርቶ ለሟሟው። «ላቦራቶሪ ስንደርስ እናጣራዋለን» የሚል ሰው የሚለካው መንገድ ላይ አልጌው ከበላው የተረፈውን ነው። ከዚያም የከፋው ድፍርሱን ናሙና ሳያጣሩ አሲድ መጨመርና ውጤቱን «የሟሟ» ብሎ መጻፍ ነው፤ አሲዱ ከጭቃው ላይ ያላቀቀው ሁሉ ተደምሮ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። ናሙናው በበረዶ፣ በጨለማ ይጓዛል። ጠቅላላ ፎስፈረስ የሚለካበት ናሙና ፐርሰልፌት በተባለ ኬሚካል በ121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ተቀቅሎ በሞሊብዴትና በአስኮርቢክ አሲድ ሰማያዊ ቀለም ይወጣለታል፣ ቀለሙም በ880 ናኖሜትር ይነበባል። ውሃው በራሱ ደፍራሳ ከሆነ የቀለም ማውጫው ያልገባበት ናሙና ተነቦ ይቀነሳል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በወር አንድ ቀን፣ መንገዱ ደረቅ ሲሆን የሚወሰድ ናሙና ወንዙ በዓመት ወደ ሐይቁ የሚያስገባውን የፎስፈረስ መጠን አያሳይም። አብዛኛው ፎስፈረስ የሚገባው በሐምሌና በነሐሴ ጥቂት የጎርፍ ቀናት ውስጥ ነው፤ በእነዚያም ቀናት ውሃው እየሞላ ሳለ ያለው መጠን እየጎደለ ሳለ ካለው ይበልጣል። የወንዙ ፍሰት አብሮ ካልተለካ ደግሞ ኪሎው አይሰላም። አሃዱም ይታይ፦ አንዱ ላቦራቶሪ ፎስፌትን፣ ሌላው ፎስፈረስን ይጽፋል። ፎስፌቱ በ0.326 ሲባዛ ነው ፎስፈረስ የሚሆነው። ሁለቱን ሳይለዩ ያነጻጸረ ሪፖርት ሐይቁ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ ተበከለ ወይም ሦስት እጥፍ ጸዳ ይላል፤ ሐይቁ ግን ባለበት ነው።

ዘጋቢዎቻችሁ በሚቀጥለው የነቀላ ዘመቻ ከሄክታሩ ቀጥሎ እነዚህን እንዲጠይቁልን እንለምናለን። ስንት ቶን ተመዘነ? ክምሩ ከጥቅምቱ የውሃ ምልክት በላይ ነው ወይስ በታች? ስንት ጊዜ ተገላበጠ? ብስባሹ ወደ የትኛው ቀበሌ ማሳ ሄደ? ባለፈው ክረምት በመገጭና በጉማራ ጎርፉ እየሞላ ሳለ ናሙና የወሰደ ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር
በውሃ ጥራት ሙያ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ፣ ባሕር ዳር